ምንጩ ከእግራችን ሥር ነው



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ካህፍን ቀርታችኋል፣ ያልቀራችሁም ከመግሪብ በፊት ትቀሩታላችሁ ኢንሻአላህ። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ካህፍን ስትጨርሱ ሙስሐፉን ወዲያው አትዝጉት። ቀጣዩን ገጽ ግለጡ። ሱረቱ መርየም ነው። የዛሬው ማስታወሻችን ከዚያ ገጽ ላይ የተወሰደ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወንድም መስጊዱ በረንዳ ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ አልመጣለትም። አባቱ ከሥራ ወጥተዋል፣ እናቱ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ የቤት ኪራዩም ጨምሯል። ይህን ሁሉ በእርጋታ ነገረኝ። መጨረሻ ላይ ግን ድምፁ ተቀየረ። "ሰው 'እንዴት ነህ?' ሲለኝ 'አልሐምዱሊላህ' እላለሁ። ከልቤ ግን አይደለም። ሶላት ላይ ፋቲሓን ስጀምር እንኳን የምዋሽ ይመስለኛል። አላህን መዋሸት አይሆንብኝም?" አለኝ።

እኔም "አላህ ያግራልህ፣ ሶብር አድርግ" ብዬው ተለያየን። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። ፈርድ ሶላቶቻችንን ብቻ ብንቆጥር በቀን 17 ጊዜ ፋቲሓን እንቀራለን። 17 ጊዜ ምስጋና ለአላህ ነው እንላለን። ከመካከላችን ስንቱ ነው ቆም ብሎ "ይህን ስል እውነቴን ነው?" ብሎ ራሱን የጠየቀው? አላህን መዋሸት የሚያስፈራው ሰው ኢማኑ ደክሟል አይባልም። ቃሉን የሚመዝን ሰው ነው። እና ያን ቀን ልሰጠው ይገባኝ የነበረውን መልስ፣ ለእሱም እንደ እሱ ለምታስቡ ሁሉ ዛሬ ልጻፈው።

እሱ ብቻውን አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ840 ሺህ በላይ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ቁጥር ጀርባ ስንት ቤት፣ ስንት ተስፋ፣ ስንት እናት እንዳለች አስቡት። ተመርቆ ዓመታት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆመ ወንድም አለ። ዐረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች፣ ደመወዟ ሁሉ ለቤተሰብ እየሄደ፣ ለራሷ የሚተርፋት የወገብ ሕመም ብቻ የሆነባት እህት አለች። ከቀዬው ተፈናቅሎ በመጠለያ ውስጥ የሚሰግድ ወንድም አለ። ለእነዚህ ሰዎች "በሕይወትህ ውስጥ ያለውን መልካም ነገር ተመልከት" ማለት ቀላል አይደለም። ሳናስብ ካልነውም ያቆስላል።

እውነቱን ለመናገር፣ ለተቸገረ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ነው የምንለው። አንደኛው "ምንም አይደል፣ ያልፋል" የሚለው ነው። ሰውየው ላይ የደረሰው ግን "ምንም" የሚባል ነገር አይደለም። የተቃጠለን እጅ "አልተቃጠለም" ብንለው ቁስሉ አይድንም። ሁለተኛው "ካንተ የባሰ አለ" የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዱንያ ጉዳይ ከበላያችን ያለውን ሳይሆን ከበታቻችን ያለውን እንድንመለከት መክረውናል። ሐዲሡን ኢማሙ ሙስሊም ዘግበውታል። ምክንያቱም አብሮ ተነግሮናል፤ አላህ የሰጠንን ኒዕማ እንዳናሳንስ ነው። ልብ በሉ፣ ዓላማው በሌላ ሰው ስቃይ መጽናናት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስልካችን ላይ የሰው መኪና፣ የሰው ሠርግ፣ የሰው ቤት ስናይ ውለን የተዛባውን የዓይናችንን ሚዛን ማስተካከል ነው። ይህ ምክር እያንዳንዳችን ለራሳችን የምንወስደው መድኃኒት ነው። ወንድማችን እያለቀሰ ሳለ ስንወረውርለት ግን በቁስሉ ላይ እንጨት እንደመስደድ ይሆናል።

ታዲያ አላህ ራሱ የተጨነቀን ሰው እንዴት ነው ያጽናናው? አሁን ወደዚያ ገጽ እንመለስ።

መርየም (ዐ.ሰ) ከሰው ርቃ ሄዳለች። ምጡ ይዟት ከአንዲት የተምር ዛፍ ግንድ ሥር አድርሷታል። እናት አጠገቧ የለችም፣ አዋላጅ የለችም። ከምጡ በላይ ደግሞ የሚመጣው ነገር አለ። ነገ ልጇን ታቅፋ ወደ ሰዎቿ ስትመለስ ምን ይሏታል? ንጽሕናዋን ማን ያምናታል? በዚያች ሰዓት ከዚህ በፊት ሞታ፣ ተረስታ ቀርታ ቢሆን እንደምትመኝ ተናገረች። ይህን የተናገረችው አላህ ከዓለም ሴቶች የመረጣት፣ ዘመኗን በዒባዳ ያሳለፈች ሴት ናት።

እስቲ ከዚህ በኋላ የሆነውን ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ፣ አልተወቀሰችም። "እንዴት እንዲህ ትያለሽ? ኢማንሽ የት ሄደ?" የሚል ድምፅ አልመጣም። የመጣው ድምፅ አትዘኚ የሚል ነው። ጂብሪል ነው የተጣራት ያሉ ሙፈሲሮች አሉ፣ ሕፃኑ ዒሳ (ዐ.ሰ) ነው ያሉም አሉ። ሁሉም የሚስማሙበት ግን ቃሉ የርኅራኄ ቃል መሆኑን ነው። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ በጭንቅ ሰዓት ከአፍህ ስለወጣው የድካም ቃል ራስህን ከአላህ ራሕመት አታባርር። ጭንቀትህን ለእሱ ነው የተናገርከው። እሱ ደግሞ የመርየም ጌታ ነው።

ቀጥሎ፣ አንድ ነገር አሳያት። ጌታሽ ከሥርሽ ምንጭ አድርጓል አላት። "ነገ ምንጭ ታገኛለሽ" አላላትም። "ከዚያ ተራራ ማዶ ውኃ አለ" አላላትም። ከሥርሽ ነው ያላት። ምጡ ባለበት ቦታ፣ ሞትን በተመኘችበት በዚያው ግንድ ሥር። ሕመሙ ዓይኗን ሞልቶት ስለነበር እንጂ ውኃው አጠገቧ ነበር። በሱረቱ ሸርሕ ላይም አላህ ከጭንቅ ጋር እፎይታ እንዳለ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ሲነግረን የተጠቀመው ቃል "መዐ" ነው፤ "ጋር" ማለት ነው። ብዙዎቻችን "በኋላ" እያልን ነው የምናነበው። ችግሩ ካለፈ፣ ውጤቱ ከመጣ፣ ቪዛው ከወጣ በኋላ የሚመጣ እፎይታ ብቻ ይመስለናል። ቃሉ ግን ዛሬ አጠገባችሁ ያለውንም ይጨምራል።

ሦስተኛ፣ ግንዱን ወዝውዢው ተባለች። የተምር ግንድ እኮ ጎልማሳ ወንድ እንኳን ወዝውዞ የሚያንቀሳቅሰው አይደለም። ምጥ ላይ ያለች ሴትማ ምን አቅም አላት? አላህ ተምሩን ሳትነካው ማርገፍ ይችል ነበር። ልጅ ሳለች በሚሕራቧ ውስጥ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) በገቡ ቁጥር ሪዝቅ አጠገቧ ተቀምጦ ያገኙ ነበር። አሁን ግን እጇን እንድታነሣ ጠየቃት። የእጇ ጉልበት ተምሩን እንደማያረግፈው እሱ ያውቃል። የፈለገው እጇን እንድትዘረጋ ነው። መልካሙን ነገር ማየትም እንዲሁ ነው። ዝም ብሎ የሚመጣ ስሜት አይደለም። ደክሞንም ቢሆን እጃችንን የምንዘረጋበት ሥራ ነው።

አራተኛውን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። ብዪ፣ ጠጪ፣ ተረጋጊ ተባለች። ችግሯ ግን አልጠፋም። ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ሰዎቿ መመለስ ነበረባት፣ ተመለሰችም። የፈራችውን ወቀሳም ሰማችው። ምንጩ የመንደሩን ሐሜት አላደረቀውም። ለቀጣዩ እርምጃ የሚሆን ጉልበት ግን ሰጣት። መልካሙን ማየት ችግራችንን እንዲያስረሳን ከጠበቅን እናዝናለን። የተሰጠን ለስንቅ ነው። ስንቅ መንገዱን አያሳጥረውም፣ ተጓዡን ግን ያደርሰዋል።

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ ልመለስ። እየከበደን "አልሐምዱሊላህ" ስንል እንዋሻለን?

ሱረቱል ዓዲያት ላይ አላህ የሰው ልጅ ለጌታው "ከኑድ" እንደሆነ ይነግረናል። ከኑድ ማን ነው? ታላቁ ታቢዒይ ሐሰን አል-በስሪ (ረሒመሁላህ) መከራውን እየቆጠረ የጌታውን ኒዕማ የሚረሳ ሰው ነው ብለው አብራርተውታል። መከራ አልደረሰበትም አላሉም። ደርሶበታል። ጥፋቱ አቆጣጠሩ ላይ ነው።

መርካቶ ውስጥ አንድ ባለ ሱቅ አለ እንበል። ደብተሩ ላይ ያለበትን ዕዳ ብቻ ይጽፋል። ለሌላ ሰው በዱቤ የሰጠውን፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ፣ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ገንዘብ አይጽፍም። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ "ከስሬያለሁ" ይላል። ዕዳው ውሸት ነው? አይደለም። ሒሳቡ ግን ትክክል አይደለም። ግማሹን ብቻ የቆጠረ ሰው እውነቱን ተናገረ አይባልም። ሕመም ይጮኻል፣ ኒዕማ ግን ዝምተኛ ነው። አንድ ጥርስ ሲያመን ሌሊቱን ሙሉ ስለዚያች ጥርስ ነው የምናስበው፤ ሳያሙን ያደሩትን ሌሎቹን ጥርሶች ማን ያስታውሳቸዋል? ዓይናችን ማየቱን፣ ኩላሊታችን ደማችንን ማጣራቱን፣ ለፈጅር የምትቀሰቅስ እናት ከጓዳ መኖሯን የምናውቀው ብዙ ጊዜ ሲጎድሉ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ "አልሐምዱሊላህ" ማለት "ምንም አልጎደለብኝም" ማለት አይደለም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በእርግጥ ውሸት በሆነብህ ነበር። "የጎደለኝን አውቃለሁ፣ የተሰጠኝንም አልካድኩም" ማለት ነው። ሙሉውን ሒሳብ መናገር ነው። ውሸቱ ያለው ዕዳው ብቻ የተጻፈበት ደብተር ላይ ነው።

ለዚህም ነው በዲናችን ለቅሶና ሹክር አንድ ፊት ላይ አብረው የሚታዩት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃን ልጃቸው ኢብራሂም እጃቸው ላይ ነፍሱ ስትወጣ ዓይናቸው አነባ። ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) "እርስዎም?" በሚል ዓይነት ሲጠይቃቸው እንባው ራሕመት መሆኑን ነገሩት። ዓይን እንደሚያነባ፣ ልብም እንደሚያዝን፣ ምላሳቸው ግን ጌታቸውን የሚያስደስተውን እንጂ እንደማይናገር አስረዱ። የዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰዋል። ስሞታቸውን ግን ወደ አላህ አቀረቡ፣ ከራሕመቱም ተስፋ እንዳይቆርጡ ልጆቻቸውን መከሩ። ያዘነ ሰው ሶብር የለውም ያለ ሰው ካለ፣ እነዚህን ሁለት ነቢያት ይመልከት።

ሙሉ ሒሳብ እንዴት እንደሚደረግ ደግሞ ከዑርወት ኢብኑ ዙበይር እንማር። ዑርዋ የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የእህት ልጅ፣ የመዲና ታላቅ ዓሊም ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት ወደ ሻም በተጓዙበት ጊዜ እግራቸው ተመርዞ ተቆረጠ። በዚያው ጉዞ ልጃቸው በእንስሳት ተረግጦ ሞተባቸው። ሁለት ሙሲባ በአንድ ጉዞ። ዑርዋ ወደ ጌታቸው ዞረው የቆጠሩት ግን እንዲህ ነበር፦ ከሰባት ልጆች አንዱን ወስደህ ስድስቱን ተውክልኝ፤ ከአራት እጅና እግሬ አንዱን ወስደህ ሦስቱን ተውክልኝ። ልብ አላችሁ? የተወሰደውን አልሰረዙትም። ልጄ አልሞተም፣ እግሬ አልተቆረጠም አላሉም። የቀረውንም አብረው ቆጠሩት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ አማና መብላት ይሆንብኛል። "አመስግን" የሚለው ቃል አንዳንዴ ሰውን ዝም ለማሰኘት ይውላል። ደመወዙን የከለከሉት ሠራተኛ ሲጠይቅ "ሥራ ማግኘትህን አመስግን" ይባላል። ባሏ የሚመታት ሴት ስታለቅስ "ባል አለሽ፣ አመስግኚ" ትባላለች። ይህ ሹክር አይደለም። ይህ ዙልም ላይ የተደረበ የዲን ልብስ ነው።

ለዚህ ከኛው አገር ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በ615 የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ከመካ ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ከነሱ በኋላም ከ80 በላይ ወንዶች፣ ከሴቶችና ከልጆች ጋር ሆነው ተከተሉ። ቤታቸውን፣ ንግዳቸውን፣ ዘመዶቻቸውን ትተው ባሕር ተሻገሩ። ቁረይሾች እዚህም ድረስ ሰው ልከው መልሱልን አሉ። በነጃሺ ፊት የቆመው ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ሁለቱንም ተናገረ። ወገኖቻቸው እንዴት እንዳሠቃዩአቸው፣ በዲናቸው ምክንያት እንዴት እንደበደሏቸው ሳይሸፍን ዘረዘረ። በዚያው ንግግሩ በንጉሡ ዘንድ እንደማይበደሉ ተስፋ አድርገው አገሩን እንደመረጡ ተናገረ። በደሉን ሲናገር ኒዕማውን አልካደም። ኒዕማውን ሲያወሳም በደሉን አልዋጠም።

ከዚያ ነጃሺ ከቁርኣኑ የሆነ ነገር እንዲያሰማው ጠየቀው። ጀዕፈር የቀራው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዛሬ እንድትገልጡት የለመንኳችሁን ገጽ ነው፤ የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ። ስደተኞቹ በሰው አገር፣ ዕጣቸው በአንድ ንጉሥ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ የመርየም ሱራ ተቀራላቸው። ነጃሺም ጢሙ በእንባ እስኪርስ አለቀሰ።

ከስደተኞቹ አንዷ የነበረችው እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ያን ዘመን በኋላ ስትተርክ፣ ከመልካም ጎረቤት ዘንድ እንደነበሩ፣ ዲናቸውን በሰላም እንደያዙ፣ ማንም ሳይጎዳቸው አላህን እንደተገዙ ነው ያወሳችው። ስደት ቀላል ነበር አላለችም። ከስደቱ ሥር የነበረውን ምንጭ ግን አልረሳችውም። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ስደተኞቹ ወደ መዲና ሄዱ፤ ጀዕፈርም በሂጅራ 7ኛው ዓመት ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ተገናኘ። እዚህ በነበሩበት ማመስገናቸው የተሻለውን ከመፈለግ አላገዳቸውም። አንተም ባለህበት እያመሰገንክ ሥራ ፈልግ፣ ፈተናውን ድገም፣ መብትህን ጠይቅ። አንቺም እያመሰገንሽ ከሚጎዳሽ ቦታ የምትወጪበትን መንገድ ፈልጊ። ሹክር እግር ብረት አይደለም።

የመጨረሻው ነጥቤ ከሱረቱ ዱሓ ነው። ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወሕይ ለተወሰነ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ጠላቶቻቸው ጌታው ተወው እያሉ ተሳለቁ። ልባቸው ተጨነቀ። አላህ ያጽናናቸው በምን ነበር? በረፋዱ ብርሃንና በሌሊቱ ጸጥታ ምሎ እንዳልተዋቸው ነገራቸው። ከዚያ ያሳለፉትን ሕይወት አስቆጠራቸው። የቲም ነበሩ፣ አስጠጋቸው። መንገድ ፈላጊ ነበሩ፣ መራቸው። ድሃ ነበሩ፣ አከበራቸው። ትናንት ከእግርህ ሥር ምንጭ ያፈለቀ ጌታ ዛሬ አይተውህም ማለት ነው።

ሱራው ግን እዚያ አያበቃም። ወዲያው ወደ ሰዎች ይዞራል። የቲምን እንዳይበድሉ፣ ለማኝን እንዳያመናጭቁ፣ የጌታቸውንም ጸጋ እንዲናገሩ ያዛል። እነዚህን ከላይ ከተቆጠሩት ኒዕማዎች ጎን አድርጋችሁ አስተያዩአቸው። የቲም ሆነህ ተጠግተሃልና የቲምን አስጠጋ። አጥተህ ተሰጥቶሃልና የሚጠይቅህን አትግፋ። መልካሙን ማየት ልብን ለማሞቅ ብቻ አልመጣም። የቆጠርነው ኒዕማ ሁሉ ላይ የሌላ ሰው ድርሻ አለበት።

ኢማሙ ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲሥ፣ በሰፈሩ ሰላም ሆኖ፣ አካሉ ጤነኛ ሆኖ፣ የዕለት ምግቡ ኖሮት ያነጋ ሰው ዱንያ እንደተሰበሰበችለት ይቆጠራል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ወንድም ይህን ሐዲሥ ሲሰማ ወቀሳ እንዳይመስለው። ሐዲሡ የሚያናግረው መጀመሪያ ሦስቱም ኖረውን ያልቆጠርነውን እኛን ነው። ሰላም ካለን፣ ሰላም ያጣው ወንድማችን የት ነው ያለው? ጤና ካለን፣ ጎረቤታችን ያለችውን የታመመች እናት መቼ ጠየቅናት? ምሳ ከበላን፣ ያልበላው ተማሪ ከኛ ስንት ቤት ርቆ ነው ያለው? ምናልባት ዛሬ ከአንድ ሰው እግር ሥር አላህ ሊያፈልቀው የፈለገው ምንጭ አንተ ልትሆን ትችላለህ።

ወጣቱ ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው፣ ያን ቀን የነገርከኝን አስታውሰህ አንድ ነገር ልጠቁምህ። የእናትህን መድኃኒት ለመግዛት በየወሩ አብሮህ ፋርማሲ የሚሄድ ጓደኛ እንዳለህ ነግረኸኝ ነበር። በቅሬታህ መካከል፣ እንደ ቀላል ነገር አንሥተህ ነው ያለፍከው። እኔም ያኔ አላስተዋልኩትም። እሱ አንዱ ምንጭህ ነው። ሶላት ላይ ፋቲሓን ስትጀምር ምንም ካልመጣልህ እሱን አስበው፣ እናትህ እስከ ዛሬ በሕይወት መኖሯን አስበው፣ አላህን መዋሸት የሚፈራ ልብ ማን እንደሰጠህ አስበው። ከዚያ "አልሐምዱሊላህ" በል። አልዋሸህም።

ለሁላችንም ደግሞ ለዛሬ ሦስት ቀላል ሥራ ይኑረን። ከዐስር በኋላ ዱዓ ተቀባይ የሚሆንበት ሰዓት በሚጠበቅበት ጊዜ፣ ስልካችንን አስቀምጠን ብዕር እናንሣ። በአንድ ወረቀት ላይ የከበደንን ነገር ሳንሸፍን እንጻፍ። ከጎኑ በዚያው ሳምንት ያገኘነውን ሦስት ኒዕማ እንጻፍ፤ "ጤና" ብለን በጅምላ ሳይሆን የሰውየውን ስም፣ የዋለውን ውለታ፣ የበላነውን ምግብ ለይተን። ሁለተኛ፣ ከጻፍናቸው አንዱ ሰው ከሆነ ደውለን "ጀዛከላህ ኸይር" ወይም "ጀዛኪላህ ኸይር" እንበለው። ሦስተኛ፣ አንድ ግንድ እንወዝውዝ። አንድ የሥራ ማመልከቻ፣ አንድ ምዕራፍ ጥናት፣ አንድ የታመመ ዘመድ ጥየቃ፣ አንድ ሰደቃ። ፍሬውን ማርገፍ የአላህ ድርሻ ነው።

ያ አላህ፣ ጭንቀታችንን ታውቀዋለህና ከምንሸከመው በላይ አታድርግብን። ዓይናችን ሕመማችንን ብቻ እንዳያይ ግለጥልን። ከእግራችን ሥር ያኖርከውን አሳየን፣ እጃችንንም ለመዘርጋት አበርታን። የታመሙትን አሽር፣ የተፈናቀሉትን ወደ ቀያቸው መልስ፣ በሰው አገር ያሉ እህቶቻችንን ጠብቅ፣ ሥራ ፈላጊዎቻችንን ሐላል ሪዝቅ ወፍቃቸው። የተበደለውን ድምፅ ስማ፣ የበደለውን ከበደሉ መልስ። "አልሐምዱሊላህ" ስንል ልባችንና ምላሳችንን አንድ አድርግልን። ኣሚን።

በዚህ የተከበረ ቀን በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማውረድ እናብዛ። ከጻፍኩት ውስጥ ትክክል የሆነው ከአላህ ነው፣ የተሳሳትኩት ካለ ከራሴና ከሸይጣን ነው። ወላሁ አዕለም።